ሃያዎቹ እጀታዎች

መርማሪዋ ስትደርስ አንድ ሰው ሞቶ ነበር፤ ሌላው ደግሞ «ገዳዩ እኔ ነኝ» ብሎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። አስር አለቃው በሩ ላይ ተቀበላት። ፊቱ ላይ ሥራውን በጊዜ የጨረሰ ሰው እርካታ ይነበባል።

«እትዬ፣ በከንቱ ነው የደከሙት» አላት። «ሽማግሌው አምነዋል። ቃላቸውን ጽፌዋለሁ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።»

«ምን ብለው አመኑ?»

«የኃይል ሳጥኑን ጠግኜ ኮረንቲ ሰው እንዳይመታ የሚከላከለውን የመሬት ሽቦ ሳላስር ወጣሁ፤ ወዳጄን ኮረንቲ ያስበላሁት እኔ ነኝ ብለው።»

«ሳላስር ወጣሁ ነው ያሉት ወይስ ማሰሬን አላስታውስም?»

አስር አለቃው ወረቀቱን አገላበጠ። «አላስታውስም ነው ያሉት። ያው ነው እንግዲህ።»

«ያው አይደለም» አለችና አልፋው ገባች።

ታላቅ እህቷን ከቀበረች አሥራ አንድ ቀኗ ነው። ከዚያ ወዲህ ምግብ ትበላለች፣ አይጣፍጣትም፤ ትተኛለች፣ አያሳርፋትም። እንባ የሚባል ነገር ግን ጠብ አላለላትም። አለቃዋ «ትንሽ እረፊ» ሲላት «አልደከመኝም» ብላ ሥራ ገባች። አልዋሸችም። ድካምም፣ ሐዘንም፣ ንዴትም አልነበራት፤ ውስጧ የጥርስ ሐኪም መርፌ የወጋው ድድ ሆኗል። ዓይኗ ብቻ እንደ ወትሮው ይሠራል።

ቤቱ የሙዚቃ መቅረጫ ስቱዲዮ ነው። በወፍራም መስተዋት የተለያዩ ሁለት ክፍሎች አሉት፤ በአንዱ ሙዚቀኛ ይጫወታል፣ በሌላው ባለሙያው ይቀርጻል። በመቅረጫው ክፍል መሐል ሁለት ሰው ቢተኛበት የማይጠብ ግራጫ ሚክሰር፣ የድምፅ ማደባለቂያ፣ ተዘርግቷል። የፊት ጠርዙ እንጨት ነው፤ የሰው ክንድ ለዓመታት ተደግፎበት ሁለት ቦታ ጎድጉዷል። በላዩ ድምፅ የሚከፍቱና የሚዘጉ ሃያ ተንሸራታች እጀታዎች በየመስመራቸው ተሰልፈዋል። ሃያዎቹም በማስመሪያ የተሰመሩ ይመስል ወደ ባለሙያው ወንበር ተስበው ቆመዋል። መርማሪዋ እነሱን አየችና አስር አለቃውን «ፎቶ አንሣልኝ» አለችው።

ሟቹ ከሚክሰሩ በስተኋላ በጀርባው ተኝቷል። ጆሮ ነው የሚሉት። የመዝገብ ስሙን ከልጁ በቀር የሚያስታውስ የለም፤ ዘፋኝ ገና ትንፋሽ ሲስብ ጉንፋን እንደያዘው ያውቃል ይባልለት ነበር። ከጎኑ ክዳኑ የተነሣ የኃይል ሳጥን አለ። የመሬት ሽቦው ከቡሎኑ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ፊውዙ ተቃጥሏል። በሟቹ ቀኝ እጅ ጫፉ የቀለጠ ካቻቢቴ አለ፤ የጣቶቹ ጫፍ ከስሏል።

ሐኪሙ ከተንበረከከበት ቀና አለ። «ኮረንቲው መትቶት ወደ ኋላ ሲወድቅ ጭንቅላቱን መደርደሪያው አገኘው ይላሉ። ይሆናል። ጣቶቹን ግን እያቸው።»

«ምን አላቸው?»

«ምንም የላቸውም፤ ችግሩም እሱ ነው። በሕይወት ያለ ሰው ሲቃጠል ዙሪያው ይቀላል፣ ውሃ ይቋጥራል። ይኼ እንደ ወረቀት ነው የተቃጠለው።»

«ሞቶ ነው የተቃጠለው ትለኛለህ?»

«ከነገ በፊት አልፈርምበትም። ለአንቺ ግን፣ አዎ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ስትሰማ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ብድግ ይል ነበር። አሁን ዝም ብላ በመስተዋቱ ማዶ ወዳለው ክፍል ገባች። ስድስት የማይክራፎን መቆሚያዎች ጥግ ላይ ቆመዋል። አምስቱ ከባድ የብረት እግራቸው ላይ አቧራ ጠጥተዋል። ስድስተኛው ተወልውሎ ያብረቀርቃል።

በሩ አልተሰበረም። ቁልፍ ያላቸው የሟቹ ልጅ፣ አማቹና ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ጠጋኝ ናቸው። አንድ የድሮ ዕቃ ደላላ ደግሞ ሰባት ሰዓት ላይ በሩ አጠገብ ታይቷል። እሱ ቁልፍ የለውም፤ ጆሮ ራሱ ከከፈተለት ግን ቁልፍ ምን ያደርግለታል?

አስከሬኑ ከወጣ በኋላ መጀመሪያ የጠራችው ልጁን ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ ነጭ ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። እንዳላለቀሰች ዓይኗ ይናገራል። መርማሪዋ ያንን ዓይን በየማለዳው በመስተዋት ታየዋለች።

«ቀን የት ነበርሽ?»

«ሥራ። ብቻዬን ነበርኩ፤ ምስክር አልቆጥርልዎትም።»

«አባትሽ ጠላት ነበረው?»

«አባዬ ከዚህ ሚክሰር ሌላ ወዳጅም አልነበረው፣ እንኳን ጠላት። ልጅ ሆኜ ‹ከእኔ ይልቅ እሱን ነው የምታቅፈው› እያልኩ አለቅስበት ነበር። ነገ ጠዋት ሊሸኘው ነበር እኮ።»

«ወዴት?»

«ለሙዚቃ ትምህርት ቤቱ ሰጥቶታል። በነፃ። ሰሚ ሲኖረው ነው ዕቃ ዕቃ የሚሆነው ብሎ። መኪናው ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል።»

«ማን ያውቃል ይህን?»

«እኔና ባለቤቴ። ትናንት ነው የነገረን።»

«አልከፋችሁም?»

«የሱ ነው፤ ለምን ይከፋኛል? ባለቤቴም ‹ጋሼ ያሉት ይሁን› አለ።»

እየተናገረች ተነሥታ ሚክሰሩ ዘንድ ሄደች። በመዳፏ ሃያዎቹን እጀታዎች፣ ለተኛ ልጅ ብርድ ልብስ እንደሚስተካከል፣ በቀስታ ወደ ፊት ገፋቻቸው። አስር አለቃው «አይነካም!» ብሎ ዘለለ።

«ፎቶ አንሥተህ የለ? ተዋት» አለችው መርማሪዋ።

ደላላው ከረባት አሥሯል፣ እጁ ላይ ነጭ የጥጥ ጓንት አጥልቋል። ስለ ሞቱ ሲጠየቅ «ነፍስ ይማር» አለ፤ ስለ ሚክሰሩ ሲጠየቅ ግን ነፍስ ዘራ።

«ይኼ ዝም ብሎ ሚክሰር አይደለም እመቤቴ! የዛሬ ሃምሳ ዓመት ለራዲዮ ጣቢያ በእጅ የተሠራ ነው። እያንዳንዱ መስመር የራሱ ትራንስፎርመር አለው፤ መዳቡን አንድ በአንድ የጠቀለለው ሰው ነው። የገባበት ድምፅ ሁሉ ሥጋ ለብሶ ነው የሚወጣው። ጣቢያው አዲስ ሲገዛ አውጥቶ ጣለው፤ ጆሮ ከዝናብ አነሣው። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት ዘጠኝ ብቻ ናቸው።»

«ስንት ያወጣል?»

«የመጀመሪያ አካሉ ሙሉ ከሆነ ሦስት ቪላ። አንድ ትራንስፎርመር ከተለወጠ፣ አንድ ቪላ።»

«ጆሮ ሊሸጥልዎ ተስማምቶ ነበር?»

«እሱ? ስድስት ዓመት ሙሉ በሩን በፊቴ ላይ ሲዘጋ ነው የኖረው። ቤተሰቡ ግን…» ብሎ ምላሱን ነከሰ።

«ቤተሰቡ ማን?»

«አማቹ ‹ትንሽ ይታገሡ› ብሎኛል። ክፋት የለውም፤ እንዲያው ሽማግሌ ናቸው ለማለት ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሰውየው የጉንፋን ትንፋሽ ለይቶ ሲሰማ፣ በገዛ ቤቱ ስለሱ የሚወራውን ሳይሰማ ሞተ።

«ሰባት ሰዓት ላይ ምን ይሠሩ ነበር?»

«ደወልኩ፣ የከፈተልኝ የለም፣ ሄድኩ።»

«ገብተው፣ ይህን ነካክተው ቢሆንስ?»

«እኔ?» አለ ደላላው፤ ከልቡ ደነገጠ። «የትኛው እጀታ ምን እንደሚሠራ እንኳ አላውቅም። እኔ የማውቀው የጀርባውን ቁጥር ነው። ፈረስ የሚሸጥ ሁሉ ይጋልባል ያለው ማነው?»

አማቹ የገባው መጀመሪያ ለሚስቱ አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጥቶ ነው። ረጋ ያለ፣ ቃሉን መርጦ የሚናገር ሰው ነው። በከተማው በሚገኝ አዲስ ስቱዲዮ የድምፅ ባለሙያ ሆኖ ይሠራል። ቀበቶው ላይ የሙያው ሰዎች የሚይዙት የሚታጠፍ ፒንሳ ተንጠልጥሏል።

«ጋሼ ለእኔ አባት ነበሩ» አለ።

«በዚህ ሚክሰር ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ማን ያስነካል? ስምንት ዓመት ሙሉ ያቺ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን ነው ያየሁት። ቢሆንም ሚክሰር ሚክሰር ነው፤ አንዱን የቻለ ሁሉንም ይችላል።»

ፎቶውን ሰጠችው። «ሲገኝ እንዲህ ነበር። ምን ይታይሃል?»

ትንሽ አየውና ራሱን ነቀነቀ። «የጥንቁቅ ሰው ሥራ። ሁሉን ዘግተው ነው የኃይል ሳጥኑን የነኩት። ምን ያደርጋል፣ የሌላው ሰው ዝንጉነት በላቸው።»

«ጠጋኙን ነው የምትለው?»

«ዕድሜ ነው እንግዲህ። ባይታሰሩ ደስ ይለኛል።»

«ቀን የት ነበርክ?»

«ስቱዲዮዬ። ብቻዬን ድምፅ ሳስተካክል።»

ደረጃው ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ስታኞ ይባላሉ፤ ሽቦ የሚያጣብቁበት ስታኞ ከእጃቸው ጠፍቶ አያውቅም። መርማሪዋ ከጎናቸው ቁጭ አለች። ድምፃቸው ጠፍጣፋ ነው።

«የት ጋ ነው የምፈርመው ልጄ?»

«ይቆዩ ጋሼ። ጠዋት ምን ሠሩ?»

«ሳጥኑ ይጮህ ነበር። ከጆሮ በቀር ማንም የማይሰማው ጩኸት። ያረጁ ዕቃዎች ቀየርኩለት፣ አበራነው። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማና ‹ዳነ› አለኝ። ምሳዬን እስክበላ ይሙቅ፣ ተመልሼ ሙቀቱን አያለሁ ብዬ ክዳኑን ሳልገጥም መሣሪያዬን ይዤ በስድስት ሰዓት ወጣሁ። ስምንት ሰዓት ስመለስ…» አልጨረሱትም።

«የመሬት ሽቦውስ?»

«እሱን ነው የማላውቀው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ እዚያ ቡሎን ላይ አሥሬያለሁ። ሳስር ይታየኛል። የዛሬው ይሁን የድሮው ነው መለየት ያቃተኝ።»

«ዳዶውን ካጠበቁ በኋላ የሚያደርጉት ነገር አለ?»

«ቀይ የጥፍር ቀለም ጠብ አደርግበታለሁ። ያጠበቅሁትን ካላጠበቅሁት እንድለየው። ከላላም ቀለሙ ተሰንጥቆ ያሳብቃል። ዛሬ ቀብቼ እንደሆነ ግን አትጠይቂኝ።»

አልጠየቀቻቸውም። ፎቶውን አሳየቻቸው። «ጆሮ ሁሉን ዘግተው ነው ሳጥኑን የነኩት ይላሉ።»

ሽማግሌው ለመጀመሪያ ጊዜ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «የቱ ጋ ነው የተዘጋው? ሁሉም ክፍት ነው እንጂ።»

«ወደ ወንበሩ ተስበዋል እኮ።»

«ታዲያስ! ይኼኛው ስትስቢው ይከፈታል፣ ስትገፊው ይዘጋል። የራዲዮ ነዋ። እጅጌ ቢነካው፣ ወረቀት ቢወድቅበት፣ ሰው ቢደገፈው ወደ ፊት ነው የሚሸሸው። ስለዚህ ተሳስቶ ይዘጋል እንጂ ተሳስቶ አይከፈትም። ዜና አንባቢው አለቃውን ሲያማ አገር እንዳይሰማው ተብሎ ነው።» ሊስቁ ዳር ደረሱና ተዉት። «ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። አዲሶቹ በሙሉ ሲስቧቸው ነው የሚዘጉት። ጆሮ እንዲህ ክፍቱን ትቶት አይነሣም፤ እጁ ቢቆረጥ ይመርጣል።»

መርማሪዋ ተነሥታ ወደ ክፍሉ ተመለሰች። ባትሪዋን አብርታ ከኃይል ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች፤ ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ቆየች። ከዚያ «ሁሉንም ጥራልኝ» አለችው አስር አለቃውን።

ልጅቷና ባሏ ሶፋው ላይ ተቀመጡ፤ ደላላው ቆመ፤ ስታኞ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደገፉ። መርማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም፤ የገበያ ዝርዝር የምታነብ ነው የሚመስለው።

«ጆሮን ኮረንቲ አልገደላቸውም። ጣታቸው የተቃጠለው ከሞቱ በኋላ ነው። ከጀርባ በማይክራፎን መቆሚያ ተመቱ፤ ከስድስቱ መቆሚያዎች አንዱ ብቻ ለምን እንደተወለወለ ሌላ ምክንያት ያለው ይንገረኝ። ከዚያ ገዳዩ ወደ ጀርባ ጎተታቸው። ክዳኑ ክፍት ሳጥን አገኘ። ጥፋቱ በጠጋኙ ላይ እንዲያርፍ የመሬት ሽቦውን ፈታ፣ ካቻቢቴ አስጨብጦ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደደ። ሳጥኑ ተንጣጣ፣ ፊውዙ ተቃጠለ፣ ሚክሰሩም ጠፋ።»

ልጅቷ አፏን በእጇ ያዘች።

«እዚህ ላይ ቢሄድ ኖሮ ባላገኘሁት ነበር። ግን አንድ ነገር ጨመረ። ጠንቃቃ ባለሙያ ሳጥን ከመንካቱ በፊት ሁሉን ይዘጋል፤ ስለዚህ ‹ዘጋላቸው›። ሃያዎቹን ሳባቸው። ይህ ሚክሰር ደግሞ ሲስቡት የሚከፈት ነው። ኃይል ቢኖረው ድምፁ ሽው ብሎ ስህተቱን ይነግረው ነበር። ጠፍቷል፤ ማን ይንገረው?»

«ታዲያ ማን ነው?» አለ ደላላው ሳያስበው።

«እርስዎ አይደሉም። እርስዎ ቢገድሉ እጀታ መዝጋት የሚባል ነገር በሐሳብዎም አይመጣም፤ የሙያው ሰው አይደሉም። ልጅቷም አይደለችም፤ እዚሁ ፊቴ ላይ ሳታስበው ወደ ፊት ገፍታ ዘግታዋለች። ጋሼ ስታኞም ሠላሳ አራት ዓመት ሲገፉት ኖረዋል። ሥራውን የሚያውቅ፣ ይህን ሚክሰር ግን የማያውቅ ሰው ያስፈልገኛል።» ወደ አማቹ ዞረች። «ፎቶውን ስሰጥህ ‹ሁሉን ዘግተው ነው› አልከኝ።»

አማቹ ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ይኼ ውሃ የሚያነሣ ማስረጃ ነው?»

«ብቻውን አያነሣም። የመሬት ሽቦው ዳዶ ላይ ዛሬ የተቀባ ቀይ የጥፍር ቀለም አለ። ታስሮ፣ ተቀብቶ፣ ላዩ ደርቆ ውስጡ ሳይጠና ነው የተፈታው፤ ቀለሙ ለሁለት ተሰንጥቋል፣ ግማሹም ተልጦ ሄዷል። የጋሼ መሣሪያዎች ከሳቸው ጋር ምሳ ቤት ነበሩ። ፒንሳህን ስጠኝ።»

እጁ ወደ ቀበቶው ሄዶ መንገድ ላይ ቀረ። አስር አለቃው ቀደመው። ፒንሳው መብራቱ ሥር ተከፈተ፤ ጥርሶቹ መሐል ቀይ ቀለም ተጋግሯል።

«አንድ ቀን!» አለ አማቹ። ያ ረጋ ያለ ድምፅ አልነበረም። «አንድ ቀን ቢታገሡ ምን ነበረበት? ለመንኳቸው፣ ተንበረከክሁ፣ ፊታቸውን አዞሩብኝ! የሦስት ቪላ ዕቃ ለተማሪ ልጆች! ለስላሳ ሊደፉበት!»

ሚስቱ አላለቀሰችም። በእጇ የቀረውን ብርጭቆ ለረጅም ጊዜ አየችው። «ውሃውን ያመጣህልኝ» አለች፣ «በዚያው እጅህ ነው?»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ለሱ ነው፤ አስር አለቃው እጁን የኋሊት ይዞ አወጣው። ደላላው ማንንም ሳይሰናበት ሹልክ አለ። ልጅቷን ውጭ ይጠብቅ የነበረው ሐኪም ክንዷን ይዞ ወሰዳት።

ስታኞ ከግድግዳው አልተነሡም። መርማሪዋ አስር አለቃው ሶፋው ላይ ትቶት የሄደውን የእምነት ቃላቸውን ወረቀት አንሥታ በአራት ቀደደችው።

«ልጄ» አሉ ሽማግሌው። «ያን የዳዶውን ነገር እስቲ ድገሚልኝ።»

«ያልጠበቀ ዳዶ አይቀባም ጋሼ። ይኼኛው ተቀብቷል። እርስዎ ረሱት እንጂ እጅዎ አልረሳም። አሥረውታል።»

«አሥሬዋለሁ?»

«አጥብቀው።»

«እንግዲያው ጆሮን እኔ አልገደልኩትም።»

«አልገደሉትም።»

ሽማግሌው ከግድግዳው ተላቀቁ። ከዚያ ወለሉ ላይ፣ ወዳጃቸው ወድቆበት በነበረው ቦታ አጠገብ፣ በቀስታ ተቀመጡ። «ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ታንቄ ነበር» አሉ። «ገዳይ በገደለው ሰው ላይ አያለቅስም ብዬ። ያሳፍራል ብዬ።» ቀና ብለው አዩዋት። «አሁን ባለቅስ ነውር አይሆንብኝም?»

«አይሆንም ጋሼ። ያልቅሱ።»

አለቀሱ። እንደ ትልቅ ሰው አይደለም፤ ትከሻቸው እየተናጠ፣ ‹ጆሮ፣ ጆሮዬ› እያሉ፣ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ። መርማሪዋ ከጎናቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ጀርባቸው ላይ እጇን አሳረፈች። እህቷ ትዝ አለቻት፤ የገዛ ዓይኗ ግን እንደ ደረቀ ነው። ሽማግሌውን እያየች ቀናችባቸው። ከአሥራ አንድ ቀን ወዲህ የተሰማት የመጀመሪያው ነገር ያ ቅናት ነበር።